አንድ መስመር አልዘልም

ጁላይ 9፣ 2014

ዛሬ ሦስት ጊዜ ሳይረን ጮኸ። በአሽዶድ ሮኬቱ እስኪወድቅ የሚሰጠን አርባ አምስት ሰከንድ ነው። የእኛ ሕንጻ አሮጌ ስለሆነ በየቤቱ መጠለያ ክፍል የለውም፤ ሁላችንም ደረጃው ላይ እንሰበሰባለን። እናቴ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአርባ አምስት ሰከንድ ጫማዋንም አታገኝም። እኔ በሩን ከፍቼ ሰዓቴን እየተመለከትኩ ሳለ ጎረቤታችን መናሼ ከአራተኛ ፎቅ ሦስት ሦስት ደረጃ እየዘለለ መጣና ብድግ አድርጎ አወጣት።

«እማማ ሐረጓ፣ ዛሬ ሙሽራዬ እርስዎ ነዎት!»

«ሚስትህ ትስማህና!» አለችው እናቴ እየሳቀች። ሮኬት እየመጣ ሳቀች።

እኔም ላነሣት ነበር። ሰዓቱን ያየሁት ስንት ሰከንድ እንደቀረን ለማወቅ ነው። አንድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ከታች የምትኖረው ዚቫ፣ ከሞሮኮ የመጣችው ባልቴት፣ ለመናሼ ከረሜላ ሰጠችው። ለእኔ አልሰጠችኝም። ይህን መጻፌ ራሱ ያሳፍራል።

ጁላይ 11

ሮቫ ዩድ ወደሚባለው ሰፈር ስንገባ በዚህ ሕንጻ ውስጥ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመጣለት ሽማግሌ ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ከቀኑ እስከ ፊርማው አነባለሁ፣ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ አንድ መስመር አልዘልም። ሰው በማያውቀው ነገር ላይ እንዲፈርም አላደርግም። አሁን መናሼ ጋ ይሄዳሉ። እሱ ደብዳቤውን በአንድ ዓይኑ አይቶ «ምንም የለውም፣ ሂዱ ተኙ» ይላቸዋል። እነሱም ሄደው ይተኛሉ።

ወደቡ ላይም እሱ ከላይ ነው፣ እኔ ከሥር። እሱ ክሬን ያንቀሳቅሳል፤ ባሕሩን በሙሉ ያያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ የተማርኩት እኔ የኮንቴይነር ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር አመሳክራለሁ። የቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ የቀሩትን ትፈትሻለች፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢሳሳት ታሳብቃለች። ይህችን አኃዝ እወዳታለሁ። ሰው ሁሉ የምታሳብቅበት አንዲት አኃዝ ቢኖረው ኖሮ ብዙ ነገር ቀላል በሆነ ነበር።

ጁላይ 13

አዲኤል ወረቀት አመጣ።

ልጄ አሥራ ስምንት ሞላው፤ በኖቬምበር ወታደር ይሆናል። ለወላጆቹ አንድ ልጅ የሆነ ወደ ተዋጊ ክፍል መግባት የሚችለው አባትና እናት ተስማምተው ሲፈርሙ ብቻ ነው። ካልፈረሙ ቢሮ ይቀመጣል፣ ወይ መጋዘን ይጠብቃል፣ በሕይወት ይኖራል። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። እግረኛ ጦር ነው የሚፈልገው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቆመ። ከታች ሁለት የፊርማ ቦታ አለ። የእናት የሚለው ላይ ሚስቴ አገኘሁሽ ጠበቃ ዘንድ ሄዳ ቀድማ ፈርማለች። ልትነግረኝ አልፈለገችም።

«አንብቤ እነግርሃለሁ» አልኩት።

«አንድ ገጽ እኮ ነው፣ አባ።»

«አንድ ገጽም ይነበባል።»

የመታወቂያ ቁጥሩን ሲጽፍ አንድ አኃዝ ማሳሳቱን አየሁ። በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩለትና መለስኩለት። ሌላ ቅጽ ማምጣት አለበት። ይህ ሳምንት ይፈጃል።

ጁላይ 18

እግረኛው ጦር ትናንት ማታ ወደ ጋዛ ገባ።

መናሼን ለሚሉኢም፣ ለተጠባባቂ ጦር፣ ጠሩት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። ጥይትና ውኃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ይነዳል። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲወርድ ደረጃው ሁሉ ሰው ነበር። ዚቫ እያለቀሰች ሳመችው። እናቴ እጇን ራሱ ላይ ጭና መረቀችው፤ እንዲያ ስትመርቅ ከሰማኋት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ቦርሳውን እስከ አውቶቡሱ የተሸከመለት ልጄ ነው። በረንዳ ላይ ሆኜ አየኋቸው። መናሼ አንድ ነገር አለው፤ አዲኤል ወገቡን ይዞ እስኪጎብጥ ሳቀ። ያንን ሳቅ እኔ ቤት ውስጥ አላውቀውም።

እኔ እዚህ አገር ስገባ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ወታደር ልሁን ብዬ ሄጄ ነበር፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ጸሐፊዋ ልጅ የልደት ዓመቴን አየችና «ደግ ሰው ነህ፣ ሥራ ፈልግ» አለችኝ። ዩኒፎርም ለብሼ አላውቅም፤ እዚያም፣ እዚህም።

ዛሬ መንገዱ ሁሉ ባንዲራ ነው፤ በመኪና መስኮት፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ። አገር መውደድ በገመድ ላይ አይሰጣም። እኔ ሁለት አገር ወድጃለሁ፤ ሁለቱም የጠየቁኝ በወረቀት ነው።

ጁላይ 22

ሁለት ጊዜ ሳይረን በሥራ ሰዓት። ከኮንቴይነሮች መሐል ተኝቼ የአንዱን ቁጥር ደመርኩ። ትክክል ነበር።

አዲሱ ቅጽ መጣ። ቁጥሩ ልክ ነው። ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

ጁላይ 27

ወጥ ቤት ሲያወሩ ከኮሪደሩ ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አልቆምኩም፤ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

አገኘሁሽ፦ «እማማ፣ ልጁን ከለከልኩት ብዬ ከማርጅ ፈቅጄ ባለቅስ ይሻለኛል።»

እናቴ፦ «እሱስ ምን አለ?»

አገኘሁሽ፦ «አላነበብኩም ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ገጽ አላነበበም።»

እናቴ፦ «እሱ ወረቀት ይፈራል።»

ሳቄ መጣ። እኔ? ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ሳነብ የኖርኩት እኔ?

ኦገስት 5

የቤተ መቅደሱ መፍረስ ጾም። ዛሬ ጠዋት ተኩስ አቁም ሆነ ይላሉ፤ ከዚህ በፊትም ብለው ነበር። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ጸለየች። እኔም ጾምኩ፤ ግን የምጾመው ተናድጄ ነው። እሷ እግዚአብሔርን እንደ ጎረቤት ታናግረዋለች፤ «እስቲ አንተው እየው» ትለዋለች። በዚህም እቀናባታለሁ። እኔ ስጸልይ ማመልከቻ የማስገባ ይመስለኛል።

ከጾሙ በኋላ አዲኤል ጠየቀኝ፤ «አነበብከው?»

«ጾም ላይ ነበርኩ።»

«አሁን በልተሃል።»

አፈጠጥኩበት። አንገቱን አልደፋም። በእሱ ዕድሜ እኔ እደፋ ነበር።

ኦገስት 14

መናሼ ተመለሰ። ከስቷል። ደረጃው ላይ እልል ተባለ። ማታ በሩን ሲያንኳኳ ሰላም ሊለኝ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ እናቴን ሊስም ነው። ከዚያ አዲኤልን ይዞ ወጣ፤ ማዕበል መስበሪያው ድንጋይ ላይ ሊቀመጡ። ሦስት ሰዓት ተኩል ቆዩ። ምን እንደሚያወሩ አውቃለሁ። ጦር፣ ጦር፣ ጦር። ልጄን በወሬ እየወሰደብኝ ነው።

ኦገስት 27

ጦርነቱ ቆመ ተባለ። ዚቫ መስኮቷን ሁሉ ከፈተች። ሰው ባሕር ወረደ።

ወረቀቱ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ መግባት አለበት።

ሴፕቴምበር 9

ተጣላን።

አዲኤል ለምን ተዋጊ መሆን እንደሚፈልግ በአማርኛ ጽፎ ትራሴ ላይ አኖረልኝ። በአማርኛ! ፊደሉን ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ በስድስት ዓመቱ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ግን ስሕተቱ ብዙ ነበር። እንደለመድኩት አርሜ መለስኩለት። አሥራ አራት ቦታ ላይ ቀይ አለ።

አየው። እስከ መጨረሻው አገላብጦ አየው።

«ምን እንዳልኩ ግን አነበብከው?»

«አነበብኩት እንጂ፣ እንዴት አርሜው ታዲያ?»

«እሺ፣ ምን አልኩ?»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። ስለ አገር፣ ስለ ግዴታ ነበር መሰለኝ። ፊደሉን ነበር የማየው።

«ዳይ፣ አባ። በቃ» አለ፤ ደብዳቤውን ቀዶ አራተኛ ፎቅ ወጣ። በሩ ሲከፈትለት እስከዚህ ተሰማኝ።

ቁርጥራጩን ከቆሻሻው አውጥቼ ለመግጠም ሞከርኩ። አንድ ቁራጭ ጎደለ።

ሴፕቴምበር 21

ዛሬ ወደብ ላይ መናሼ ከክሬኑ እስኪወርድ ጠበቅሁት። የሥራ ቆቡን እያወለቀ ሲመጣ መንገዱን ዘጋሁበት።

«አንተ ሴቶች ልጆች ነው ያሉህ። የሰው ወንድ ልጅ ጦር ሜዳ ለመላክ ይቀልሃል!»

መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ።

«ጋሼ አዳነ፣ እኔ እኮ አትሂድ ነው ያልኩት።»

«ዋሸህ።»

«በልጆቼ። ከዚያ የተመለስኩ ዕለት ማታ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አድርጌ ለመንኩት። ሹፌር ሁን፣ መካኒክ ሁን፣ ሌላም ነገር አለ አልኩት። ጫንኩት እኮ፣ ጋሼ፤ ስሄድ ውኃ፣ ስመለስ ልጆች። ምን እንደጫንኩ እኔ ነኝ የማውቀው።»

እሱ ቆቡን በእጁ ያዞረዋል።

«ታዲያ ለምንድን ነው አንተ ጋ የሚመጣው?»

«እርስዎ ጋ መምጣት ፈርቶ ነዋ። ‹አባቴ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነው የሚሰማኝ› ይላል።» ቆቡን መልሶ ራሱ ላይ አደረገና፣ «ምክንያቱን እርስዎው ይጠይቁት። ነግሮኛል፤ ግን የእኔ ነገር አይደለም» አለ።

ሄደ። ልቤ ሊያርፍ ይገባ ነበር፤ ልጄን አልገፋብኝም። ይልቁን ባሰብኝ። ምክንያቱን ያውቀዋል። እኔ አላውቀውም።

ኦክቶበር 4

አስተስርዮ፣ የይቅርታ ቀን። ምኩራቡ ሞልቶ ውጭ ቆምን። መናሼ ሊያልፍ ሲል እጄን ዘረጋሁለት። «ይቅርታ» አላልኩም፤ እጄን ብቻ ዘረጋሁ። ይዞ ሳበኝና አቀፈኝ፤ ሰው ሁሉ እያየ። ትንሽ ማፈር ያውቅበት ይሆን ይህ ሰው?

ኦክቶበር 12

ጠየቅሁት። እስክሪብቶዬን ቤት ትቼ ነው የሄድኩት፤ እስከ ባሕሩ አብረን ተራመድን።

«አያቴ ስለ አጎቴ ነገረችኝ» አለ አዲኤል።

ወንድሜን ምናለን ነው። በቤታችን ስሙ አይነሣም። ፎቶግራፉ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው፤ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ አልነካውም።

«ምን አለችህ?»

«በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፣ አልተመለሰም አለች። ሃያ ዓመቱ ነበር አለች።»

«አሥራ ዘጠኝ» አልኩ። እርማት ነበር። አፌ ቀደመኝ።

አዲኤል አልተቆጣም። አሸዋውን እያየ «ከዚህ ቤት አንዱ ተልኮ ሄደ፣ አባ» አለ። «አንዱ ደግሞ ፈልጎ ይሂድ። ሰው እኛን ሲያይ ሁልጊዜ የተላክን፣ የተጫንን፣ በአውሮፕላን የመጣን ይመስለዋል። እኔ ማንም አልላከኝም። ይኸው ነው።»

በቀደደው ወረቀት ላይ የጎደለችው ቁራጭ ይህች ሳትሆን አትቀርም።

ልጄ ከእኔ የተሻለ ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ቀናሁበት። በገዛ ልጄ!

ኦክቶበር 13

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል ብዬ ደወልኩ።

የተጻፈ ነገር ትክክል መሆን አለበትና እጽፈዋለሁ። በ1977 ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ጎንደር አጠገብ ወዳለው መንደራችን ለእረፍት ወርጄ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወረቀት ይዞ መጣ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ «አንተው አንብብላት» ብሎ ሰጠኝ። ምናለ ከኋላዬ ቆሞ በቅሎዋን ያሽ ነበር። አነበብኩላት። ጣቷን ቀለም ነከረች፤ የት እንደምትጫን አሳየኋት። በሦስተኛው ቀን ወሰዱት።

አነበብኩላት። ዋናውን ነገር አነበብኩላት። ረጅም ወረቀት ነበር፣ ሰውዬውም ቸኩሎ ነበር።

በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ኦክቶበር 16

ሥራ። ዝናብ። ሁለት ኮንቴይነር ቁጥራቸውን አሳስቼ አሳለፍኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው።

ኦክቶበር 23

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። እናቴ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ለእኔም አንብብልኝ።»

«እማ፣ ለአባትና ለእናት ነው። አንቺን አይመለከትም።»

«አንብብልኝ አልኩህ።»

አነበብኩላት። ከዕብራይስጡ ወደ አማርኛ እየመለስኩ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የቅጹን ቁጥር ሳይቀር። ፈራሚው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን፣ ከፈለገም ፊርማውን መሻር እንደሚችል። መሐል ላይ ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጣሁ።

«አሁን ሙሉው ነው?» አለች።

«ሙሉው ነው።»

«ያኔ ግን ዘለልክ።»

አገኘሁሽ ከወጥ ቤት ልትገባ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመች።

የያኔው ወረቀት «ከሁለቱ ወንድ ልጆችሽ አንዱን» ነበር የሚለው። «ምናለን» አይልም ነበር፤ «ምናለን» ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ይኸው፤ ተጻፈ።

«ታውቂ ነበር?»

«ምናለ አራተኛ ክፍል ደርሶ አልነበር? አንተ በአፍህ ስታነብ እሱ ከኋላህ ሆኖ በዓይኑ ያነብ ነበር። በቅሎዋን ማሸቱን ሲያቆም አየሁት። ማታ ጠየቅሁት። ‹ተዪው እማ፣ እሱ ይማር፣ እኔ እሄዳለሁ› አለኝ። ማንም አልላከውም። ፈልጎ ነው የሄደ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቀን ይነግረኛል እያልኩ ስጠብቅህ።»

እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳበሰች። እናቴ ፊቴን የነካችው መቼ እንደነበር አላስታውስም። ከዚያ አውራ ጣቷን የፊርማው ቦታ ላይ አኖረች፤ ቀለም የሌለው ደረቅ ጣቷን፤ «እዚህ ነው?» አለች። እዚያ ነበር።

ነገ ጠበቃው ፊት እንፈርማለን።

አንድ ነገር መደበቅ አልችልም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንድሜን የላክሁት እኔ ነኝ ብዬ ስሠቃይ፣ ሥቃዩ ቢያንስ የእኔ ነበር። ያንንም ምናለ ቀድሞኝ አንብቦታል። ዛሬም ቀናሁበት። ከዚያ አለቀስኩ።

ኖቬምበር 20

ሲግድ፣ የእኛ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል። በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ወጣን። እናቴ በየዓመቱ መሐረብ ውስጥ ስንዴና ሽምብራ ቋጥራ ትመጣለች፤ ለሞቱት ብላ ድንጋይ ላይ ታኖራለች፣ ወፍ ይበላዋል። እኔ በየዓመቱ ራቅ ብዬ እቆም ነበር፤ የተማረ ሰው እህል ለወፍ ሰጥቶ ሙታንን አያስብም ብዬ። ዘንድሮ መሐረቡን ለእኔ ሰጠችኝ። ጉልበቷ አይታጠፍም።

ተንበረከክሁ። አዲኤል አጠገቤ ነበር። መንገድ ላይ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ የዘለልኩትን መስመር ጭምር። እስከ ኢየሩሳሌም በመስኮቱ ሲያይ ነበር። አሁን እህሉን ስበትን ከሥር እጁን ዘረጋልኝ። የወደቀውን ለቅሞ ድንጋዩ ላይ መለሰው።

«ስሙን ጥራ» አለች እናቴ።

«ምናለ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ሰዎች ዞሩ።

«አንተ ደግሞ» አለችኝ፣ «ይህ ለሞተው ነው። በዚህ ልጅ ላይ አሁን አታልቅስበት፤ ነውር ነው።»

ጿሚ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ራሴ ቀሎኝ ነበር። ቄሶቹ ከጃንጥላቸው ሥር ሲጸልዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላመለከትኩም። ቆሜ ብቻ ሰማሁ።

ኖቬምበር 24

መናሼ በመኪናው ወደ ወታደሮች መቀበያው ወሰደን። አገኘሁሽና እናቴ ከኋላ፣ ልጁ በመሐላቸው። ሌላ ቀን ቢሆን በራሳችን እንሄዳለን እል ነበር። ዚቫ ለአዲኤል ሙሉ ከረጢት ከረሜላ ሰጠችው፤ ለእኔም አንድ ደረሰኝ። የሎሚ ነው።

ግቢው በቤተሰብ ተሞልቶ ነበር። ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው ወላጆቹን አቅፎ አውቶቡሱ ውስጥ ይገባል። እናቴ እጇን ራሱ ላይ ጭና መረቀችው፣ ለመናሼ እንዳደረገችው። እኔ የምለው ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ትናንት ጽፌ ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ። ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

«አባ» አለኝ፣ «ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ። በአማርኛ።»

«ጻፍ።»

«ስሕተት ይኖረዋል።»

«ይኑረው።»

ስሙ ተጠራ። ገባ። በመስታወቱ በኩል ቦታ ሲፈልግ፣ ሲቀመጥ፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ሲሳሳቅ አየሁት። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ወደ እኛ ዞሮ እጁን አወዛወዘ። መናሼ ትከሻ ለትከሻ ከእኔ ጋር ቆሞ ነበር፤ ሁለታችንም እጃችንን አነሣን።

ለማን እንዳወዛወዘ አልጠየቅሁም።